ወተት ይጠርገዋል

ለማንኛውም መርዝ ወተት የሚያዝ ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር አለ የሚል ሰው፣ አዲስ አበባን አያውቃትም። የቀራንዮው ጋሽ ሀብተማርያም ናቸው። ጡረታ የወጡት ከመንገድ ሥራ ነው፤ ሕክምናን የት እንደተማሩ ግን እስከ ዛሬ አልተደረሰበትም።

አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚረጭ ወጣት ባሳለ ቁጥር፣ "ወተት ጠጣበት፣ ይጠርገዋል!" ይሉታል። ሲሚንቶ የሚያራግፈውን፣ የቆሻሻ ጭስ የገባበትን፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ያመረረውን ሳይቀር በዚሁ ያክማሉ። ሁዳዴ ነው ያላቸው እንደሆነ፣ "ይሄ ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ንስሐ አባትህን እኔ አነጋግራቸዋለሁ" ብለው ብርጭቆውን ያስጨብጡታል።

ፀሎት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ መርዞች ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿ ፈገግታዋን አይተው አያውቁም። ያደገችው ግን በእኚህ ሰው ወተት ነው። ጠመኔ የበላች ዕለት፣ እናቷ ፀጉሯ ላይ የቅማል ዱቄት የነሰነሱባት ዕለት፣ ጋሽ ሀብተማርያም ከአጥሩ በላይ ብርጭቆ ያቀብሏት ነበር። ዛሬ አጥሩ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። እናቷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ግን ዓይኗ ያንን የዛገ ቆርቆሮ ይፈልጋል፤ ሕክምናው ከንቱ እንደነበር እያወቀች የወተቱ ሙቀት ይናፍቃታል።

ባለፈው ቅዳሜ እህል ነጋዴው ያደሳ፣ መጋዘኑ ጥግ ያገኘውን የድሮ የነቀዝ ዱቄት በባዶ እጁ በቆሎ ላይ ሲበትን ውሎ ራሱን አዞረው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቷ ቤት የነበረችው ፀሎት ጩኸት ሰምታ ስትደርስ ጋሽ ሀብተማርያም ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠግተዋል።

"ጋሼ፣ እንዳያጠጡት!"

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ይጠርገዋል እኮ!"

"አይጠርገውም። ይሄ መርዝ የሚሟሟው ስብ ውስጥ ነው። በአፉ የገባውን የወተቱ ቅባት ጭራሽ ወደ ደሙ ያሳልፈዋል፤ ደሙ ደግሞ አንጎሉና ጉበቱ ያደርሰዋል። የተረፈው ገላው ስብ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ይቀመጣል። አሁንም በቆዳው እየገባ ነው። ልብሱን አውልቀን አጥበነው ሐኪም ጋ እንውሰደው!"

ጋሽ ሀብተማርያም ብርጭቆውን አዩ፤ ያደሳን አዩ። በክርክር ተረትተው አያውቁም፤ ፀሎት ሙግቱ ሳያልቅ የሰውየው ነፍስ እንዳትወጣ ፈራች። እሳቸው ግን ወተቱን መሬት ላይ ደፉት።

አሁን የቀረው ሰፈሩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ሰፈር፣ ወሬው እንደደረሰው በጣሳም በጆግም ወተት ይዞ ወደ መጋዘኑ ጎረፈ። ሽማግሌው በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

"ወተት የያዘ አይገባም! ውሃና ሳሙና አምጡ!"

"ውይ ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?" አለች ጎረቤታቸው ትርንጎ፣ ጆጓን ታቅፋ።

"እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ። ሳሙና!"

ፀሎት እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃ የያደሳን ሸሚዝ ስታወልቅ ቀና አለች። ስንት ጉባኤ ተቀምጣ፣ ስንት ምሁር ሲሟገት ሰምታለች፤ ይህን ቃል "ነገር ግን" ሳያስከትል የተናገረ አንድም አላጋጠማትም።

ቤቴል ያለው ሐኪም ያደሳ እንደሚተርፍ ከነገራቸው በኋላ ፀሎትና ሽማግሌው አብረው ወጡ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ያዘች።

"ምነው፣ ብቻዬን መሻገር ያቃተኝ መሰለሽ?" ብለው ተቆጡ፤ እጃቸውን ግን አልነጠቋትም።