ጋዝ ያልሸተተው የጋዝ መምህር

ሰው አንድን ነገር ለብዙ ዓመት ካስተማረ የሚያውቀው ይመስለዋል። ድካም ነው መሰለኝ፤ ደጋግሞ መናገር ያደነዝዛል። እኔ ወልድያ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር ጠጉሬ ሸብቷል፤ የተፈጥሮ ጋዝ ላይ ስደርስ ደብተር መግለጥ ከተውኩ ቆየሁ። አብዛኛው ሚቴን ነው፤ ጥቂት ኢቴን፣ ፕሮፔንና ቡቴን አለበት፤ ቀለም የለው፣ የራሱ ሽታ የለው። በሲሊንደር የሚሸጥልን ፕሮፔንና ቡቴኑ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው፣ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የሚጨመርበት ሌላ ነገር ነው። ይህን እላለሁ፣ ተማሪዎቼ ይጽፋሉ፣ ደወል ይደወላል። እንበተናለን።

አምና ባለቤቴ እናቷን ልታስታምም መርሳ ወርዳ እኔ ከጉንፋን ጋር ቀረሁ። ከከተማው ጠፍቶ የከረመው ጋዝ ያን ሳምንት ተገኘና አንድ ባለባጃጅ ሲሊንደሩን አምጥቶ፣ በጥድፊያ ገጥሞልኝ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገብቼ ክብሪት አነሳሁ።

«ይተው መምህር! እንዳይጭሩት!»

ግቢ የምንጋራቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ሐራ ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሴት። በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው በሻሻቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘዋል።

«ምነው?»

«ጋዙ ነዋ! እኔ ቤት ድረስ ገምቷል። ያ ረቢ፣ አንቱ አይሸትዎትም?»

አይሸተኝም። አፍንጫዬ ከተደፈነ ሦስት ቀኑ ነው። እናንተ ብትሆኑ ትሮጣላችሁ። እኔ፣ ከድንጋጤም ይሁን ከልማድ፣ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ሽታው እንኳ የጋዙ አይደለም፤ የተጨመረበት...»

«ኧረ ይውጡ!»

ወጣሁ። እሳቸው ግን «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ። ሲሊንደሩን ዘጉ፤ በርና መስኮቱን በረገዱ፤ ጎንበስ ብለው የወለሉን አየር በሰሌን ወደ ደጅ ያራግቡ ጀመር። እኔ ግቢ ውስጥ ክብሪቴን እንደጨበጥኩ ቆሜያለሁ። ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ የሳሙና አረፋ በመጋጠሚያው ላይ ቀቡና ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፈቱት። አረፋው እየተነፋ ይፈነዳ ጀመር። መልሰው ዘጉት። በመጋጠሚያው ውስጥ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ተሰንጥቃ ኖሯል።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» አልኩ።

እጃቸውን እየታጠቡ፣ «የእህቴ ልጅ ግራና ከተማ ሳለች ፊቷ የነደደው እንዲህ ነው፤ ጠዋት፣ ክብሪት ስትጭር» አሉ። «ያኔ የሚነግረን አልነበረም።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ገቡ?»

«አንቱን ብልክ ጋዙን ቆመው ሊያስረዱት ነው።»

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ከሚቴኑና ከቡቴኑ ሥር የእትዬ ዘይነባን ትምህርት በትልቁ ጻፍኩት፤ ሲሸታችሁ እሳት አትጫሩ፣ መብራት አትንኩ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። የልጅቷንም ነገር ነገርኳቸው። ሁሉም ጎንበስ ብለው ይጽፉ ጀመር። ደስ አለኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ አስተማርኩ ብዬ።

አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም» አልኩ።

እስክሪብቶዎቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተጋደሙ። ሰሌዳውን ላጠፋ ዳስተር አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው የታሪክ መምህር ያጥፋው።