ዱባይ ገበያ መሀል ኡኡ ያልሁ ለት

ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ… ኧረ ሆዴን! ዋናው ገና ነው፤ አትቸኩሉብኝ።

ወንድሜ ዱባይ ሹፌር ነው። ለክረምቱ ልጆቼን ይዘሽልኝ ነይ አለኝ። ሚስቱ ቡሬ ያለውን ሱቋን ጥላ የምትሄድ አይደለችም። እናላችሁ እኔ ከፍኖተ ሰላም ተነሣሁ፤ አቤልን፣ የስድስት ዓመቱን፣ በእጄ፤ ታናሿን ሰላምን በአንቀልባ። እናትየው መናኸሪያ ድረስ ሸኝታን፣ እንደ ወሰድሻቸው መልሽልኝ ብላ አደራዋን ሰጠችኝ።

ከተማው? ምኑን ልንገራችሁ። ውጭው እሳት ነው፤ ቤት ሲገቡ ግን የሰከላ ብርድ። በሩ ማንም ሳይነካው ይከፈታል፤ እኔማ ሰው የከፈተልኝ እየመሰለኝ ስንቱን በር አመሰገንሁ! ገበያቸው ውስጥ ደግሞ ጥጃ የሚያክል ዓሣ ከመስተዋት ጀርባ፣ ከነሕይወቱ! ሰው ከፍሎ ያየዋል እንጂ አይበላውም። ይኼ ጤና ነው?

እሱን አፌን ከፍቼ ሳይ ቆየሁና እጄን ብመለከት አቤል የለም። ግራ ባይ ሰው፣ ቀኝ ባይ ሰው። ቋንቋ የለኝ። እናቱን ምን ብዬ ላያት ነው? ነጠላዬን አገለደምሁና እኛ ቀበሌ ሰው ሲጨንቀው፣ አውሬም ሲመጣበት የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ኡኡ አልሁ! ጣሪያው ተቀብሎ መለሰው። ሰላምም ከጀርባዬ አገዘችኝ።

አገሬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን አውጥቶ ቀረጸኝ። የኛዎቹ ግን! ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ። ከላይ ፎቅ ከታች ፎቅ የአበሻ ሴቶች ግር ብለው መጡ። አንዷ የአሠሪዋን ሕፃን ከነጋሪው እየገፋች፤ አንዷ የወለል መወልወያዋን እንደ ዱላ ትከሻዋ ላይ አድርጋ።

«እናቴ፣ ማነው የነካዎት?» አለችኝ ባለ መወልወያዋ።

ልጅ ጠፋብኝ ስል ሱቁን ተካፍለው ገቡ። ዘበኛው ዝም እንድል በእጁ ቢለምነኝ ጭራሽ ባሰብኝ።

በመጨረሻ ባለ መወልወያዋ እዚያው ከጎኔ ካለው ልብስ ቤት፣ ከተሰቀሉት ረጃጅም ጥቁር ቀሚሶች ሥር፣ አቤልን ጎትታ አወጣችልኝ። ስሜ ስሜ ሲወጣልኝ ተቆጣሁ። ይኼን ሁሉ ስጮህ አልሰማህም ወይ አልሁት። መስማቱንስ ሰምቷል። ቀሚሱን እየዳሰሰ ቆይቶ ሊመጣ ሲል ነው የጮህሁት፤ ኡኡ ባልሁ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባ ኖሯል። አንገቴ ሥር ተሸጉጦ፣ በሩን በሩን እያየ፣ በጆሮዬ፦

«አክስቴ፣ ጅቡ ሄደ?»