ጋሽ ቁርጥና የአባታችን ራስ

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ የካቲት ሦስት ቀን ይመስለኛል። ወይስ መጋቢት ገብቶ ነበር? ብቻ እህቴ የአባታችንን ራስ በጭቃ ሠርታ የጨረሰች ዕለት ነው።

ያየውን ፊት ሁሉ ከሌላ ፊት ጋር ካላዛመደ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ጋሽ ቁርጥ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ። ቅጽል ስሙን ያተረፈላቸው የገዛ አፋቸው ነው። ሕፃን ሲወለድ ከአዋላጇ እኩል ደርሰው "ቁርጥ አያቱን!" ይላሉ። ለእሳቸው የበር እጀታም ዘመድ አለው።

እህቴ ቀራፂ ናት፤ በእንጨት ቀርፃ በወረቀት ላይ የምታትማቸው ሥዕሎችም አሏት። ኤግዚቢሽኗ ላይ ጋሽ ቁርጥ አንድ ዓይን ብቻ ያለውን የታተመ ራስ አይተው "ቁርጥ የድሮ አከራዬን!" አሉ። ቀጥሎ አፍ የሌለው የብረት ራስ ፊት ቆሙ።

"ቁርጥ ባለቤቴን! አፉ ብቻ ነው የጎደለው።"

"አፉንማ ላንተ አውሼህ ነው" አሉ ባለቤታቸው ከኋላቸው።

የአባታችን ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ሲሞት እኔ ስድስት ዓመቴ፣ እሷ ሦስት፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የለንም። መልኩን በደንብ የሚያውቁት፣ ፀጉሩን ያስተካክሉት የነበሩት ጋሽ ቁርጥ ብቻ ቀርተዋል።

"ለእሳቸው ሁሉም ሁሉንም ይመስላል፤ ምን ምስክር ይሆናሉ?" አልኳት።

"ሌላ ማን አለን? አይደለም ካሉኝ ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ" አለች።

መጡ። ፊቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ በቀጥታ ከኋላው ሄደው ቆሙ። ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን የሚያውቁት በማጅራቱ ኖሯል! እህቴ የእጇን ጭቃ ልብሷ ላይ እየጠረገች ትጠብቃለች። እሳቸው ሦስት ጣታቸውን ጭቃው አናት ላይ አሳርፈው በቀስታ ገፋ አደረጉት።

"ቀና በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ዛሬም እንዳቀረቀርክ?"

እህቴ እያለቀሰች ሳቀች።

"ጋሽዬ፣ ሲያቀርቅር አይቼው አላውቅም እኮ! እጄ ነው እንዲህ የሠራው።"

"ጆሮውን ልቆርጠው ምንም አይቀረኝ ነበር! ሃያ ጊዜ ቀና አድርጌው ሃያ ጊዜ ይመለሳል" አሉ፤ አሁንም ተቆጥተውታል።

የጣቶቻቸው አሻራ ጭቃው ላይ ቀረ፤ እህቴ አላስተካከለችውም። እኔም የዚያን ዕለት ሽማግሌውን ጉንጫቸውን ብስማቸው ደስ ባለኝ።

ባለቤታቸው ከውጭ ተጣሩ። አባቴ እዚያ የፀጉር ማስተካከያው ወንበር ላይ አቀርቅሮ ምን ያወራ እንደነበር ልጠይቃቸው ተከትያቸው ስወጣ፣ ጋሽ ቁርጥ በሚስታቸው እየተመሩ ከመንገዱ መታጠፊያ አልፈው ነበር።