ሐይቁ በዕቅድ ተይዟል

የዚህ ቤት ኃላፊ ማን ነው?

ጥያቄውን ያቀረቡልኝ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። ፒጃማ ለብሰው፣ በረገጡት ቁጥር ውኃ የሚተፋ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ከመኝታ ቤታቸው ጣሪያ የወደቀ የኮርኒስ ቁራጭ በእጃቸው ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ነበር። እኔ ደግሞ ባሕር ተሻግሬ፣ ብርድ አገር ተቀምጬ፣ አስተዳደር የሚባለውን ትምህርት እስከ ጥግ የተማርኩ ሰው ነኝ።

«ይህን ለመመለስ ከጸደይ መጀመር ያስፈልጋል» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ቧንቧውን ዝጋ፤ ከዚያ ከፈለግህበት ወቅት ጀምር» አሉኝ።

ቧንቧው ተዘጋ። ከጸደይ እጀምራለሁ።

በጸደይ፣ የግቢው ዛፎች ማበብ ሲጀምሩ፣ እህቴ ለሥራ ወጣች። የመንገድ መሐንዲስ ናት፤ ሩቅ ቦታ ድልድይ ልታሠራ ነበር፤ የምትመለሰውም የልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት ሲያልቅ ነው። ሦስት ልጆቿን፣ ባሏንና እኔን በር ላይ አቁማ ተሰናበተችን። እኔ ከውጭ ተመልሼ «ለጥቂት ቀን» ብዬ እሷ ቤት ካረፍኩ ወቅቶች ተፈራርቀዋል፤ ሻንጣዬ ግማሹ ተፈትቶ፣ ግማሹ እንደታሰረ አልጋ ሥር አለ።

ለትንሹ ልጅ ቢጫ የመዋኛ ጎማ ገዝታለት ነበር። ወገቡ ላይ አጠለቀችለትና ወደ ባሏ ዞረች።

«ሐይቅ አይቶ አያውቅም። እስክመለስ እጁን ይዘህ ውኃ ውስጥ አስገባልኝ። ሌላ አደራ የለኝም።»

«በዕቅድ ተይዟል» አሉ ባሏ።

«በዕቅድ አላልኩም። በእጅህ ነው ያልኩህ።»

ባሏ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ናቸው። ቤት ውስጥ ሁላችንም «ሰብሳቢው» እንላቸዋለን፤ ስማቸው ጠፍቶን ሳይሆን፣ ከስብሰባ ውጭ ያገኛቸው ሰው ስለሌለ ነው። በዚያ ወቅት የሚመሩት «የሥራና የቤተሰብ ሕይወት ሚዛን አስጠባቂ ዐቢይ ኮሚቴ» የተባለውን ነበር። ሚዛኑ እጅግ ከባድ በመሆኑ ቅዳሜንም እሑድንም ይጠይቅ ነበር። ታላላቅ ሰዎች ለቤተሰብ ሲሉ ቤተሰባቸውን ይሠዋሉ፤ ይህን ለመረዳት ሰፊ አእምሮ ያስፈልጋል።

እንዲያም ሆኖ ቤታቸውን ሜዳ ላይ ጥለው የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። በመሥሪያ ቤታቸው አንድ የተከበረ ልማድ አለ፦ ወንበር ባዶ አይውልም። የሚወጣ ሰው በምስክር ፊት ሌላውን ይወክላል፤ የተወከለውም በቂ ምክንያት ካለው በተራው ሌላ ይወክላል። ይህ ልማድ ከእሳቸው ጋር እቤት ገባ። በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ይነሱና፣ በቀይ ክር የታሰረውን የቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው እኔ አንገት ላይ ያጠልቁታል።

«እስክመለስ ድረስ» ይላሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የቤቱ ኃላፊ አንተ ነህ።»

ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ለምን እንደሚያጨበጭቡ አያውቁም፤ በዚህም ከአዋቂ ተሰብሳቢዎች አይለዩም።

ትልቋ የሰባት ዓመት ልጅ ስትሆን «ጠበቃ» እንላታለን፤ ጥርሷን እንድትቦርሽ ስትታዘዝ እንኳ ማስረጃ ትጠይቃለች። ከእሷ የሚከተለው መካኒኩ አምስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ቤት እሱ ያልፈታው ነገር የእኔ ሻንጣ ብቻ ነው። የመጨረሻው ድቡሼ ሦስት ዓመት አልሞላውም። ቢጫውን ጎማ ከወገቡ አያወልቅም፤ ይዞት ይበላል፣ ይዞት ይተኛል፣ ፖፖው ላይ ሲቀመጥም ጎማው አብሮ ይቀመጣል። እያደር አየሩ ስለሚያልቅ ጠዋት ጠዋት የምነፋለት እኔ ነኝ። ከተመለስኩ ወዲህ የሠራሁት ተጨባጭ ሥራ ይኸው ነበር።

«አባዬ፣ ሐይቅ?» ይላል ድቡሼ ማንኪያውን ይዞ።

«በዕቅድ ተይዟል ልጄ።»

«ዕቅድ የት ነው?»

«የት ነው ማለት ምን ማለት ነው?»

«በአውቶቡስ ይኬዳል ወይስ በእግር ነው የሚላችሁ» ትላለች ጠበቃ።

«ጉዳዩ ጥናት ላይ ነው። ጥልቀቱ አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ የመኪና ማቆሚያው አለ። ካልተመቸም አማራጭ ይታያል።»

እህቴ ማምሻውን ስትደውል ደግሞ «ሂደት ላይ ነው» ይሏታል። እሷ ዝም ትላለች። ዝምታዋን እንደ ድጋፍ ይቆጥሩታል።

እኔም ቁልፉ አንገቴ ላይ ብዙ አይቆይም ነበር። በቂ ምክንያት ነበረኝ፤ ማሰብ ነበረብኝ። እዚሁ ሥራ ፈልጌ ልቀመጥ ወይስ ወደ መጣሁበት ልመለስ የሚለው ጉዳይ ጸጥታ ይፈልጋል። ስለዚህ ቁልፉን ለጠበቃ አስረክቤ፣ ክፍሌ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አስባለሁ። ጠበቃ ከአሻንጉሊቶቿ ጋር አስቸኳይ ስብሰባ ስላለባት ለመካኒኩ ታስተላልፋለች። መካኒኩ እጁ በብሎን ስለተያዘ ለድቡሼ ያስተላልፋል። ከድቡሼ በታች የቀረችው ድመቷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ አንገቷን ለማንም አትሰጥም። በዚህ ሁኔታ ቤታችን፣ የቁርሱ ሳህን ሳይነሳ፣ ከሽንት ጨርቅ በቅርቡ በተሰናበተ ሰው እጅ ይገባ ነበር። ሕጉ አንድም ቀን አልተጣሰም።

ጸደይ አለፈ፤ በጋው ገባ። ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ተዘጋ። የሕንፃው ልጆች አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ ጸጉራቸው አሸዋ ይዞ ከሐይቅ ይመለሳሉ። ድቡሼ ደረጃው ላይ ይጠብቃቸውና እርጥብ ፎጣቸውን በጣቱ ነካ ነካ ያደርጋል። ከዚያ ጎማውን ከፍ አድርጎ ሽቅብ ይወጣል። በጋው እየሳሳ ሄደ፤ ሐይቁ ግን ጥናት ላይ ነበር።

የእረፍቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ሰብሳቢው ምርጧን ክራቫታቸውን ፈለጉ፤ አላገኟትም። ሌላ አሥረው ለኮሚቴው የመዝጊያ ስብሰባ ወጡ። ቁልፉ ከእኔ ወደ ጠበቃ፣ ከጠበቃ ወደ መካኒኩ፣ ከመካኒኩ ወደ ድቡሼ ወረደ። የዚያን ዕለት ግን ድቡሼ በሥልጣኑ ተጠቀመ።

«ሐይቅ» ብሎ አዘዘ።

መካኒኩ የመታጠቢያ ቤቱን የወለል ፍሳሽ ቀዳዳ በምርጧ ክራቫት ወተፈው። ጠበቃ ፎጣዎቹን ጠቅልላ ደፉ ላይ ደረደረች። ቧንቧው ተከፈተ። እኔ ከክፍሌ ሆኜ ሳቃቸውን እሰማ ነበር። ልጆች ያለ አዋቂ ጣልቃ ገብነት ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ እንዴት ደስ ይላል እያልኩ፣ አንድ የሩቅ አገር አስተማሪዬ በዚህ ላይ የተናገረውን ለማስታወስ እሞክራለሁ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ወዴት እንደሚያደርስ አገሬ በተረት አስተምራኝ ነበር፤ ያንን ትምህርት ግን እዚያ ማዶ አልቆጠሩልኝም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ልጅ የሞላው ውኃ ግን ለሁለት ፎቅ በቃ።

ዳኛው ይህን ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ባልዲ ደፍተው፣ ተቀምጠው አዳመጡኝ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ዛሬ የተወከልከው አንተ ነህ።»

«ነበርኩ። ለጠበቃ አስተላልፌያለሁ።»

ጠበቃ ቀሚሷን እየጨመቀች ቀረበች። «እኔ ደግሞ ለወንድሜ። ምስክር አለኝ፤ ድመቷ አይታለች።»

«እኔ እጄ ተይዞ ነበር» አለ መካኒኩ። እጁ አሁንም ክራቫቷን ይዟል።

«የመጨረሻው ይቅረብ።»

ድቡሼ ቀረበ። ከጎማውና ከቁልፉ በቀር ምንም አልለበሰም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ኃላፊ ፊቴ ቆሟል» አሉ ዳኛው፤ «እርቃኑን የቀረበ ሳይ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

«የሚደብቀው ስለሌለው ነዋ፣ አባባ» አለች ጠበቃ።

«ውኃው እንዲከፈት ያዘዘው ማን ነው?»

«እኔ» አለ ድቡሼ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። በፒጃማቸው ጫፍ ሊጠርጉት ሞከሩ፤ ፒጃማውም እርጥብ ነበር።

«እንዲህ የሚል ኃላፊ በሥራ ዘመኔ አንድ አላጋጠመኝም» አሉ ወደ እኔ ዞረው። ከዚያ ጎንበስ አሉለት። «ለምን አዘዝክ ጌታዬ?»

«ሐይቅ አልመጣም።»

«ሐይቅ አይመጣም እኮ ልጄ። እኛ ነን የምንሄድ።»

«በዕቅድ ነው» አለ ድቡሼ፣ እንደ ማስተማር ብሎ።

ዳኛው የኮርኒሱን ቁራጭ ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «የጣሪያዬ ጉዳይ ለሌላ ቀጠሮ ተላልፏል። ልጁን ልብስ አልብሱት።»

«አሁን?» አልኩ። «መጀመሪያ ጉዳዩን አስበንበት…»

«አንተ እዚሁ ሆነህ አስብ። ወለሉንም እያሰብክ ትወለውለዋለህ።»

አብሬያቸው ሄድኩ። ወለሉን ለድመቷ ወክዬ።

ሐይቁ ሩቅ አልነበረም። ጸደይና በጋ ሙሉ የተጠናው ሐይቅ፣ ድቡሼ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ብስኩት በልቶ ሳይጨርስ ከመስኮቱ ወዲያ ብቅ አለ። ጠበቃና መካኒኩ ጫማቸውን የት እንደጣሉ ሳናይ ውኃው ውስጥ ናቸው። ድቡሼ ግን አሸዋው ላይ፣ ውኃው መጥቶ የእግሩን ጣት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ውኃው ሲመጣ ወደኋላ፣ ሲሄድ ወደፊት ይላል።

«ግባ እንጂ የኔ ጌታ» አልኩት። እጄን ዘረጋሁለት።

እጄን አየው። «እማዬ አባዬ ይይዝሃል ብላለች።»

ለሰብሳቢው መልእክት ላክሁ። «ጋሼ፣ ሐይቁ ዳር ነን። ትንሹ እርስዎ እጁን ካልያዙት አልገባም ብሏል። አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ይድረሱልን።»

ጠበቅን። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ድቡሼ አንገቱን ይመዝ ነበር። ከሚወርዱት ሰዎች መካከል ቦርሳ የያዘ ሲያይ ጎማውን ያስተካክላል፤ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኖ ሲያልፍ ይለቀዋል። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ጎማው ጎኑ እየሰረጎደ ሄደ፤ ልነፋለት ጎንበስ ስል «ተው» አለኝ።

ከዚያ ቀዩን ክር በጆሮዎቹ ላይ እየታገለ ከአንገቱ አወለቀው። የሚሆነውን አውቄ አንገቴን ዝቅ አደረግሁለት። በትምህርትም፣ በዝምድናም፣ ጎማ በመንፋት ልምድም ተራው የእኔ ነበር። በአጠገቤ አልፎ ሄደ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደሚያደርቁት ዳኛ ተጠጋና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አጠለቀ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «እስክመለስ ድረስ፣ አባዬ አንተ ነህ።»

አንድም ሰው አላጨበጨበም።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አሉት ዳኛው።

«ውኃ ውስጥ።»

ሽማግሌው የፒጃማቸውን እግር እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ። ትንሿን እጅ ያዙ። ውኃው ድቡሼ ወገብ ላይ ሲደርስ የወጣው ጩኸት፣ ዳር ላይ የነበሩትን ወፎች ሁሉ አስነሳ።

እኔ ዳር ቆሜ፣ በር ላይ የተጠየቅሁትን ጥያቄ አሰብኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ሁለተኛውን መልእክት ላክሁ።

«ጋሼ፣ አይቸኩሉ። ቦታዎ ባዶ አልዋለም፤ ሰው ተወክሎበታል።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኬ ነግሮኛል። መልስ ግን እስከዛሬ አልመጣም። ምናልባት በዕቅድ ተይዞ ይሆናል።