እህቴ እዚያ ለምን መኖር እንደምትፈልግ

አገሮች ሰው ሲቀበሉ ጠባያቸው ይለያያል። አንዳንዱ አገር ሽማግሌ እንደተላከበት የሴት ልጅ አባት ነው። ዕድሜው ስንት ነው? ምን ተማረ? ሥራው ምንድን ነው? ጤናውስ? ፖሊስ ጣቢያ ያውቀዋል ወይ? አንዱን ሲመልሱለት ሌላ ያመጣል። አሜሪካ እኔን እንዲህ አላደረገችኝም። ስሜንና ፎቶግራፌን ላክሁ፣ ዲቪ ደረሰኝ፣ መጣሁ። የምችለውንም የማልችለውንም ሳታጣራ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው ያነሳችኝ። ከዚያ ወዲህም የገለጠችው አይመስለኝም።

እናንተም በዕጣ የመጣችሁ ከሆነ አትቀየሙኝ፤ ዕጣ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ዕጣ የወጣለት ሰው አንድ ችግር አለበት። ሌላውም ሰው ዝም ብሎ ቢጠብቅ የሚደርሰው ይመስለዋል። እኔ ታናሽ እህቴን ሰብለን ብዙ ዓመት ያስጠበቅኳት በዚህ ምክንያት ነው።

ሰብለ አሰላ ነው የምትኖረው። የስንዴ ባለሙያ ናት፤ በተለይ ዋግ የሚባለውን፣ ቅጠሉን ዝገት የሚያስመስለውን በሽታ ነው የምታጠናው። (ዋጉ የእሷ ነው፤ ወጉ የእኔ።) ዜግነት ባገኘሁ በወሩ ወደ እኔ እንድትመጣ ፋይል አደረግኩላት። የወንድምና የእህት ወረፋ ረጅም ነው ብለውኝ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም። እኔና ባለቤቴ አስቴር አትላንታ አጠገብ ታከር ላይ ቤት ስንገዛ፣ ምድር ቤት ያለችውን ክፍል ለሰብለ ብለን አልጋ አስገባንባት። ዓመት ዓመትን እየተካ ሲሄድ አልጋው ላይ ሻንጣ፣ የብርድ ልብስና የተበላሸ ማራገቢያ ተከመረበት። ስሟ ግን አልተለወጠም። «ጃኬቴ የታለ?» ስል «ሰብለ ክፍል» ትለኛለች አስቴር። ሰብለ አንድም ቀን ያልገባችበት ክፍል።

አንድ እሑድ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሌላ መንገድ አገኘሁ» አለችኝ።

አውስትራሊያ ነው። ቪዛው ለባለሙያ የሚሰጥ ነው፤ ግን ለትልልቆቹ ከተሞች አይደለም፤ ሰው ላነሰባቸው ወጣ ያሉ ቦታዎች ነው። እኛ ክፍለ ሀገር የምንለው ዓይነት። የቦታው አስተዳደር ራሱ ይህቺን ሴት እፈልጋታለሁ ብሎ መጠቆም አለበት። ከገባች በኋላም እዚያው ወጣ ያለው ቦታ ዓመታት ኖራ፣ ሠርታ ነው ቋሚ መኖሪያ የምትጠይቀው።

«አይርቅም?» አልኳት።

«ከማን?» አለችኝ።

መስፈርቱን አንድ በአንድ ታነብልኝ ጀመር። ሙያው እነሱ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት፤ አለ። ትምህርቷና የሥራ ልምዷ ተመዝኖ ማለፍ አለበት፤ አልፏል። የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፤ እዚህ ይህን ያህል ዘመን የኖርኩት እኔ ብቀመጥ የማላመጣውን ውጤት አምጥታለች። ዕድሜው፣ ትምህርቱ፣ ቋንቋው ተደምሮ ነጥቧ ከስልሳ አምስት ማነስ የለበትም፤ አያንስም። አንድ ዓመት ሙሉ ስትለፋበት ከርማለች፣ ለእኔ ትንፍሽ ሳትል። የቀሯት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ለቪዛው አመልክቺ የሚለው የግብዣ ደብዳቤ አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላት መድረስ አለበት፤ ልደቷ ደግሞ ሦስት ወር አይሞላውም። ሁለተኛው አስተዳደሩ የጠየቃት አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። እዚህ ለምን መኖር ትፈልጊያለሽ?

«እሱን አንተ ጻፍልኝ» አለችኝ። «እኔ ስጽፈው የመስክ ሪፖርት ይመስላል።»

እንግዲህ አስቡት። ወደ እኔ ትምጣ ብዬ ዓመታት ስፈርምና ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ አሁን ከእኔ እስከ መጨረሻው የሚያርቃትን ቦታ ለምን እንደምትወደው ልጽፍ ነው። ያውም አሳምሬ።

ሎረንስቪል አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነው የምነዳው። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰብለ ስለመረጠቻት ትንሽ ከተማ ማንበብ ጀመርኩ። ስሟን እስካሁን በትክክል መጥራት አልቻልኩም። አንድ ዋና መንገድ አላት። ከመንገዱ ጫፍ ትልልቅ የስንዴ ጎተራዎች ቆመዋል። ገበሬዎቿን የሚያስለቅሳቸው ዋግ ነው። ይህን ሳነብ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከፋኝ። ቦታዋ ለእህቴ በልክ የተሰፋች ነበረች።

በእሷ ቦታ ሆኜ «እኔ» እያልኩ ጻፍኩ። እኔ ያደግኩት ስንዴ መሀል ነው። እኔ ትልቅ ከተማ አልወድም። ውሸት አልነበረበትም፤ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ካደረች ራሴን አመመኝ የምትል ሴት ናት። ታከርስ መጥታ ምን ልትሠራ ኖሯል? እዚህ ስንዴ የሚታየው ዳቦ ሆኖ ነው። መጋዘን ውስጥ አጠገቤ የሚሠራው ሰው አገሩ ላይ መሬት ቀያሽ ነበር፤ አሁን ካርቶን ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ሰብለን ከጎኑ አቆምኳትና ለማየት ሞከርኩ። አልቻልኩም።

በሁለት ቀን ጨረስኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ያነበበው ሰው ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ከዚያ አልላክሁትም።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?» ብላ ትጽፍልኛለች። «እያስተካከልኩት ነው» እላታለሁ። አንድ ነጠላ ሰረዝ አወጣለሁ፤ በማግስቱ መልሼ አስገባታለሁ። እንዲህ ዘጠኝ ቀን ሄደ። በዘጠነኛው ቀን አስቴር ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት አገኘችው።

«ይሄ እኮ አልቋል» አለችኝ።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

ትንሽ አየችኝና «አንተ የምትጠብቀው ሰብለን ነው ወይስ ክፍሏን?» አለች።

ተቆጥቼ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ጃኬቶቹን ገፋ አድርጌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የታየኝ ነገር አያኮራም። እህቴ የሚፈልጓት ቦታ ከምትሄድ፣ የትም ሳትሄድ እኔን እየጠበቀች ብትኖር ሳይሻለኝ አልቀረም። ናፈቀችኝ ስል የኖርኩት ይህንንም ጨምሬ ነው። እዚያው ተቀምጬ ከስልኬ ላይ ላክሁት፤ ወዲያው ደወልኩላት።

«ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ካለቀ ሰንብቷል» አልኳት።

«አውቃለሁ። አንተ ለአንድ ገጽ ይህን ያህል ቀን የሚፈጅብህ ሰው አይደለህም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ነገ የራሴን ልልክ ነበር» አለች፣ ምንም ሳትቆጣ። «ወንድምነትህ እንደሆነ በቪዛ ምክንያት የትም አይሄድም።»

ግብዣው ከልደቷ አሥራ ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰ። ቀሪውን ወረቀት ሁሉ አሟልታ፣ ቪዛው እስኪመጣ ወራት ጠብቃ ሄደች። በአትላንታ በኩል ብታልፍ ብዬ ካርታው ላይ በጣቴ ሞክሬ ነበር። ምድር ክብ ናት ይባላል፤ ክብነቷ እኔን አልረዳኝም።

ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ከሥራ ወጥቼ አስቴርን ልወስድ አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር መኪናዬን አቁሜ ስጠብቅ፣ ሰብለ በቪዲዮ ደወለች። ለእኔ መምሸቱ ነው፤ ለእሷ ነግቷል። ትልቅ ባርኔጣ አድርጋ እርሻ መሀል ቆማለች፤ ቦት ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጎረቤቷ ሴትዮ ብዙ አወራችኝ። ከዚያ ፊቷ ትንሽ ጨለም አለና፦

«እኛ ጋ ዝናብ ቀርቷል፤ ስንዴው እየተጎዳ ነው» አለች።

«አሰላ?» አልኳት ደንግጬ።

«አይ፣ እኛ ጋ። እዚህ።» ስልኩን አዙራ እስከ አድማስ የሚሄደውን ማሳ አሳየችኝ።

እኔ አሜሪካ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። እሷ «እኛ ጋ» ለማለት ሦስት ሳምንት ነው የወሰደባት።

«እናንተ ጋስ?» አለችኝ።

የመኪናውን መስታወት አየሁ። ውሃው እየተንቆረቆረ ይወርዳል።

«እኛ ጋ» አልኳት፤ ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ አዲስ ጫማ ጠበበኝ፤ «እኛ ጋ ሲዘንብ ነው የዋለው።»