ለሩቅ ሰው የተፈቀደ ለቅሶ

ሩቅ ያለውን ሰው ብቻ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ የድሬዳዋው ቀበሌያችን ሊቀመንበር እንዲህ ያለ ነበር። ምን ያድርግ፣ ከላይ ተምሮ ነው! መሪያችን ስለ ሕዝቦች ትብብርና ስለ ሰብአዊ መብት በሬዲዮ ሲናገሩ፣ ላቲን አሜሪካ ለታሰረው ሰው ድምፃቸው በሐዘን ይሰበር ነበር። ደቻቱ ወንዝ ዳር ለተረሸነው ወንድሜ ግን ማን ይዘንለት? ያስረሸነው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው፤ እናቴንም እንዳታለቅስ ከልክሏት ነበር።

እሁድ በመሪያችን ንግግር ላይ ልንወያይ ቀበሌ ተሰበሰብን። ከአዲስ አበባ የመጣ ካድሬም ነበር። ሊቀመንበሩ በኩራት «በላቲን አሜሪካ ለተገደሉት ወጣቶች የኅሊና ጸሎት!» ሲል ሁላችንም ተነሣን።

እናቴ ይህን ጊዜ «ልጄን! ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች።

ሊቀመንበሩ ደንግጦ «ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ለነዚያው ነው፣ ጓድ። አንተ ላልካቸው።»

ጎረቤታችን እማማ ፋጡማም «አቦ ተዋት፣ ታልቅስ! የሰው ልጅ አይደሉም እንዴ?» ብለው አብረዋት አነቡ። አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ።

የካድሬው ልብ ተነካ። «ዓለም አቀፋዊነት ማለት ይህ ነው!» ብሎ አጎነበሰ። ሊቀመንበሩም እናቴ ልጇን አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።