«እህቱ ናት!» ብዬ ሲኒማ ቤት ያስነሳሁ ቀን

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ሲኒማ ቤት ሙሉ ሰው ከወንበሩ አስነስቻለሁ ብላችሁ ማን ያምነኛል?

ጉዱን ስሙኝማ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰፈሩ ኮልፌ። እናቴ ስለታመመች ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ታናናሾቼን እጠብቃለሁ። አባቴን «መቼ ልመለስ?» ስለው መልሱ አንድ ነው፤ «ሴት ልጅ ስሟን ከጻፈች ምን አነሳት?»

ምን እንዳነሰኝማ እኔ አውቃለሁ! ወንድሜ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ገልጬ ብቻዬን እታገላለሁ። ይህን የምታውቀው እቴቴ የምላት የአባቴ እህት ብቻ ናት።

እቴቴ ታዲያ ዘዴ አመጣች። እትዬ ብርቄ የሚባሉ ቅቤ ነጋዴ ጎረቤት አሉን። አባቴ የማንንም ምክር ባይሰማ የእሳቸውን ይሰማል።

«እሑድ ሲኒማ እንወስዳቸዋለን» አለችኝ። «የህንዱን ፊልም እያነበብሽ ታስረጃቸዋለሽ። እሳቸው ካደነቁሽ አባትሽ ትምህርት ቤት ይመልስሻል። አለቀ!»

አለቀ አለች እንግዲህ። አንባቢዋ እኔ!

ለማታውቁት፣ ያኔ የህንድ ፊልም ከሥሩ እንግሊዝኛ ተጽፎበት ነው የሚታየው። ማንበብ የሚችል ሰው ጮክ ብሎ ይናገራል፣ የሰማው ከፊቱ ላለው ያቀብላል፣ እሱም ለሌላው። አንድ አንባቢ አዳራሹን ይመግባል ማለት ነው።

እሑድ ከሰዓት መርካቶ ሄድን። እቴቴ ኦቾሎኒ ገዛች። መጀመሪያ ዜና ታየ፤ ትራክተር፣ ጭብጨባ፣ እንደገና ትራክተር። ከዚያ ፊልሙ ጀመረ።

ወይ ጉዴ! ጽሑፉ ይሮጣል እኮ!

መጽሐፍ ላይ ያለ ፊደል ቆሞ ይጠብቃል። ይሄኛው ግን አንዷን ቃል ስይዛት ሌላው መስመር መጥቶ ሄዷል። «ወንድም»... «ጎርፍ»... «እህት»... «ጠፋች»።

«ምን አለች?» ይላሉ እትዬ ብርቄ። «አሁንስ ምን አለ?»

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሕፃናት በጎርፍ ተለያዩ። ወንዱ አድጎ መካኒክ ሆነ። እጁን ብረት ቆርጦት ክሊኒክ ሄደ፣ ታከመ፣ ተመለሰ። ከዚያ አንዲት ቆንጆ የሀብታም ልጅ መኪናዋ ተበላሽቶባት መጣች። እናንተ ብትሆኑ ማን ናት ትላላችሁ?

«የጠፋችው እህቱ ናት!» አልኩ። በሙሉ ልብ!

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እትዬ ብርቄ። እቴቴ በኩራት ጭኔን ቸብ አደረገችኝ። ከፊታችን ያሉት ዞሩ፣ «እህቱ ናት?» ተባባሉ፣ ወሬው ወንበር ለወንበር እስከ ፊት ድረስ ወረደ።

መካኒኩና ልጅቷ ዝናብ ውስጥ መዝፈን ጀመሩ። ተሯሯጡ። ተቃቀፉ!

«እንዴ! ከእህቱ ጋር?»

«ገና አልተዋወቁም እኮ፣ እትዬ» አልኩ። ላቤ ጠብ ይላል።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ በሙሉ መካሪ ሆነ። ሁለቱ በተጠጋጉ ቁጥር፣ «አንተ! እህትህ ናት!» «ተው ልጄ፣ ተው!» «ኧረ አንድ ሰው ይንገረው!»

እኔም ለማወቅ ጓጉቼ ልሞት ነው። መቼ ይሆን የሚያውቀው? በምን?

አላወቀም። ሠርግ ተደገሰ! አበባ፣ ከበሮ፣ ሙሽሪት በቀይ ልብስ!

እትዬ ብርቄ ብድግ አሉ። «እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን! ይሄ የአንድ እናት ልጅ! የእግዚአብሔር ያለህ!»

አዳራሹ ተከትሏቸው ተነሣ። ጩኸት፣ ፉጨት፣ የኦቾሎኒ ቅርፊት ወደ ስክሪኑ!

መብራት በራ። ፊልሙ ቆመ። ትኬት ቆራጩ እየሮጠ ገባ።

«ጓዶች! ጓዶች! ምን ተፈጠረ?»

«እህቱን ሊድሩለት ነው!»

«ማን አለ?»

የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላው ጠቆመ። ያኛው ከኋላው ወዳለው። ጣቱ እየተቀባበለ፣ እየተቀባበለ መጥቶ... እኔ አፍንጫ ላይ ቆመ።

ሰውዬው ራሱን ያዘ። «ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ፊልም ነው። እህቱ ነርሷ ናት!»

ነርሷ! ክሊኒክ እጁን ያሰረችለት! እሷ ስትናገር እኔ ያመለጠችኝን ቃል እያባረርኩ ነበር።

ሳቁን አልነግራችሁም። ጣሪያው ያልወደቀው በተአምር ነው። ረድፋችን ደግሞ፣ «ረብሻ ፈጥራችኋል» ተብሎ ተባረረ።

አውቶብስ ውስጥ እቴቴ አንገቷን ደፋች። እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከዚያ ሁሉ ስንቱን አነበብሽው?»

«አምስት ስድስት ቃል።»

«ሌላውስ?»

«ከራሴ ነው።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ትምህርት ቤቴም በዚያው መስኮት ስትወጣ ታየችኝ። አለቀልኝ!

ትንሽ እንደሄድን ግን እንደገና ዞሩ። «ለመሆኑ ነርሷ እህቱ መሆኗን በምን ያውቅ ይሆን?»

«አላውቅም፣ እትዬ። እውነቴን ነው።»

«አታውቂም? ያን ሁሉ ከራስሽ ስታመጪ ይቺ ጠፋችሽ? ገምቺያ!»

ገመትኩላቸው። ስለ ጠባሳ፣ ስለ እናታቸው እንጉርጉሮ፣ ነርሷ ቁስል ስታጥብ ስለምታንጎራጉረው ዜማ። የፊት ወንበሮቹ ዞረው ያዳምጣሉ። አንዲት ሴትዮ ፌርማታዋ አመለጣት። «በይ ጨርሺው እንጂ! መውረዴ እንደሆነ አልፏል!» ብላ ተቆጣችኝ።

ያን ፊልም ደግሜ አላገኘሁትም። በምን እንዳወቃት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያያችሁት ካላችሁ ኮመንት ላይ ንገሩኝ፤ ብቻ አንብባችሁ ይሁን፣ እንደኔ ገምታችሁ አይሁን!

በማግስቱ እቴቴ እትዬ ብርቄን ይዛ አባቴ ዘንድ ሄደች። እትዬ ብርቄም «ሳታነብ ይህን ካመጣች፣ አንብባ ምን ልታመጣ ነው? ትምህርት ቤት መልሳት!» አሉት። ከዚያ ወጥታ እጄን ያዘችና ትምህርት ቤት አስመዘገበችኝ። ስንመለስ ቀበሌ ጎራ አለች፤ ለራሷ መሠረተ ትምህርት ተመዘገበች።